ቴአትርና ፊልም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፦ ከየት ልጀምር?

ጠመኔ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ርዕሰ መምህራችን የቴአትርና ፊልም ክፍለ ጊዜ እንድይዝ አደረጉኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ ከመደበኛው ትምህርት በኋላ። ልጆቹ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ናቸው፣ ስልሳ ይጠጋሉ። አዳራሽ አለን፣ መብራቱ ግን ሲፈልግ ይጠፋል። ካሜራ የለንም። የእኔ ስልክ አለ፣ ጥቂት ተማሪዎችም ስልክ አላቸው።

ቴአትር በጣም እወዳለሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የተማርኩት ግን ተውኔት ማንበብና መተንተን ነው። ልጆችን መድረክ ላይ አቁሞ ማሠራት ሌላ ሙያ ነው።

ጭውውት ሥሩ ስላቸው ሁሌ አንድ ዓይነት ነገር ያመጣሉ። ልጁ ሱስ ውስጥ ይገባል፣ እናቱ ታለቅሳለች፣ ልጁ ይታሰራል ወይ ይሞታል። ከዚያ አንዱ ወደ ፊት ወጥቶ «ስለዚህ እኛም ተማሪዎች…» ብሎ ይዘጋዋል። ፊልም ስላቸው ደግሞ ቲክቶክ ላይ ያዩትን ቀልድ ይደግሙታል። አፈኛ የሆኑ አምስት ስድስት ልጆች ሥራውን በሙሉ ይይዙታል፣ ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል። ጎበዝ ከሆኑት ሴቶች ደግሞ ሁለቱን ቤተሰብ ከልክሏቸው ቀሩ። ነጥብ ስጪም ተብያለሁ። ትወና በምን ይመዘናል? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

የመጋረጃ ገመድ

እህቴ፣ ይህን ስላነሳሽ ደስ ብሎኛል። ስድስት ኪሎ ቴአትር ጥበባት ተምሬ፣ ደሴ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሁለተኛ ደረጃ አስተምሬያለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ትንሽ ረዘም ይልብሻል፣ ታገሺኝ።

ከሁሉ በፊት ያንን «ስለዚህ እኛም ተማሪዎች» አስቀሪው። በዚህ ክፍል ውስጥ ክልክል ነው በያቸው። ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም። በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ፣ በሚኒ ሚዲያ፣ በወላጆች ቀን ያዩት ጭውውት በሙሉ መልእክት ማስተላለፊያ ነው። ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ደን፣ ስለ ኩረጃ። መልእክቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን ልጁ መልሱን አስቀድሞ ስለሚያውቀው፣ የሚጫወተውን ሰው ለማወቅ አይደክምም። ሰካራም ሲሆን ይንገዳገዳል፣ እናት ስትሆን ታለቅሳለች፣ ሽማግሌ ሲሆን ይጎብጣል። በቃ። እኔ የማውቃቸው ሰካራሞች ግን ላለመንገዳገድ የሚታገሉ ናቸው። ትወናው ያለው እዚያ ትግል ውስጥ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ንግግር አትስጫቸው። መናኸሪያ ላኪያቸው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ሰው ይምረጥ፤ ረዳት፣ ሊስትሮ፣ ቆሎ ሻጭ፣ መኪና የምትጠብቅ ሴትዮ። ራቅ ብሎ ግማሽ ሰዓት ይያት። ክብደቷን በየትኛው እግሯ ላይ ትጥላለች? ብር ስትቀበል እጇ ምን ያደርጋል? ስትሰለች ዓይኗ የት ይሄዳል? በማግስቱ ያለ አንድ ቃል ያችን ሴት ሆኖ ከበሩ እስከ ሰሌዳው ይሂድ። ክፍሉ ማን እንደሆነች ይገምት። ሰው ለማሾፍ እንዳልሆነ ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ክፍል ውስጥ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቅ። የአንዲት እንጨት ተሸካሚ ሴት አረማመድ ይዞ መጣ። ሸክሙን ካወረደች በኋላ ጀርባዋ ወዲያው እንደማይቃና፣ ጥቂት እርምጃ እንደጎበጠች እንደምትሄድ አይቷል። ይህን ማንም አላስተማረውም። አፈኞቹ ልጆች በዚህ ልምምድ ብልጫቸውን ያጣሉ፣ ዝምተኞቹ ይወጣሉ። የምታዪው ራስሽ ነሽ።

ስልሳ ልጅ በአንድ ጊዜ ማሠራት አትችይም። ስለዚህ ለሚያዩትም ሥራ ስጫቸው። አንዱ ረድፍ እግር ብቻ ይይ፣ ሌላው እጅ፣ ሌላው ዓይን። ሲያልቅ ያዩትን ይናገሩ። «ጎበዝ ነው»፣ «አሪፍ ነው» አይባልም። ያዩትን ብቻ።

ንግግር ስትጀምሪ ደግሞ በልሃ ልበልሃን አምጪ። የድሮው ሙግት በራሱ ቴአትር ነው። ከሳሽ አለ፣ ተከሳሽ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ዙሪያውን የከበበ ተመልካች አለ። ዘንግ አለ፣ ነጠላ አለ፣ ውርርድ አለ። ተሟጋቹ ቆሞ አያነበንብም፤ ይራመዳል፣ ይዞራል፣ ነጠላውን አስተካክሎ ጣል ያደርጋል፣ ነገሩን በግጥም ያዋዛል። ልጆቹ ቤታቸው ሄደው አያቶቻቸውን ይጠይቁ። ይዘው የሚመጡትን ስትሰሚ ትደነቂያለሽ። የሙግቱ ጉዳይ ግን የዛሬ ይሁን። የተሰበረ ስልክ፣ ያልተመለሰ ብድር፣ የተወሰደ የመቀመጫ ቦታ።

ቁራኛም አለ። በድሮ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። ሁለት ተማሪዎችን እንዲሁ ነጠላ ለነጠላ ቋጥሪያቸው። ተጣልተዋል፣ መንገዱ ረጅም ነው። ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሂዱ። አንዱን ውሃ ይጠማዋል፣ ሌላው ይደክመዋል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ወንዝ ይሻገራሉ። አሁንም ያለ ንግግር። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው መቀመጥ አለበት። አንዱ ሲሮጥ ሌላው ይጎተታል። «ግጭት» ብለሽ ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ ከምትተነትኝው ይህ በደንብ ይገባቸዋል። እኔ በዚህ ልምምድ አንድ ሙሉ የወላጆች ቀን ትርኢት ሠርቼበታለሁ።

መጨረሻውን በተመለከተ፣ ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ያዳበረው ፎረም ቴአትር የሚባል አሠራር አለ። ችግሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ትርኢቱ ሳይፈታ ይቆማል። ከዚያ ከመጀመሪያው ይደገማል። በዚህኛው ዙር ከተመልካቹ አንዱ «ቁሙ!» ይላል። ወደ መድረክ ወጥቶ በተበደለው ሰው ቦታ ይገባና ሌላ ነገር ይሞክራል። ተዋንያኑ በቀላሉ አይለቁለትም። ለርዕሰ መምህራችሁም ይመቻቸዋል፤ መልእክት ከፈለጉ ውይይቱ አለላቸው።

የሴቶቹ ጉዳይ በጣም ያሳስበኛል። ወላጆችን የምትጠሪው ለትርኢቱ ምርቃት ቀን ሳይሆን ለልምምድ ይሁን። ምን እንደሚሠራ በዓይናቸው ይዩ። ሳይመሽ ጨርሺ፣ ሰዓቱንም አትሸራርፊ። ታሪኩንም ንገሪያቸው። ዘመናዊ ቴአትራችን ያደገው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ መምህር ነበሩ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤትንም መርተዋል። ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት በእነዚያ ዓመታት የሚጫወቱት ተማሪዎች ነበሩ፣ የሴቷን ቦታ የሚይዙትም ወንዶች። ከነፃነት በኋላ ደግሞ ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን ሲመሩ ለሴት ተማሪዎቻቸው ተውኔት እየጻፉ አሠርተዋል። በምርጫ ፓርላማ የገቡት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት እኚሁ ሴት ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1957። ቴአትር ልጅን ያባልጋል ለሚል አባት ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ነጥብ ስትሰጪ ተሰጥኦ አትመዝኚ። እያንዳንዱ ልጅ የምልከታ ደብተር ይኑረው፣ እሱን አርሚ። በሰዓቱ መምጣት፣ ቃለ ተውኔቱን መያዝ፣ ጓደኛው ሲናገር ማዳመጥ፤ እነዚህ ይታያሉ፣ ይቆጠራሉ።

ፊልሙን ለሁለተኛው መንፈቅ አቆዪው። ካሜራ ፊት የቆመ ልጅ ወዲያው ያየውን ይቀዳል። መጀመሪያ ሰው ማየት ይልመድ።

ቅንብር ቤት

ጋሼ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የቁራኛዋን ልምምድ ለራሴም ወስጃታለሁ። አዲስ አበባ በፊልም ቅንብር ነው የምተዳደረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለታዳጊዎች አስተምራለሁ። ፊልሙን አቆዪው ባሉት ግን አልስማማም። ስልኩ ልጆቹ እጅ ላይ አለ፣ ብንከለክላቸውም ይቀርጹበታል። ከመጀመሪያው ሳምንት ይያዙት፣ ግን ራሳቸውን ሳይሆን ሥራ ይቅረጹበት።

መምህርት፣ ይህን ይሞክሩ። አንድ ሊስትሮ ፈቃዱን ጠይቀው አምስት ቀረጻ ብቻ ይውሰዱ። አንደኛው እጁን፣ በጣም ከቅርብ። ሁለተኛው ፊቱን። ሦስተኛው ሰውየውንና አካባቢውን በሰፊው። አራተኛው ከትከሻው በላይ፣ እሱ የሚያየውን። አምስተኛው ልጆቹ ራሳቸው የፈለጉት፣ ሌላው ያላሰበው። እያንዳንዱ አሥር ሰከንድ፣ ስልኩ ሳይንቀሳቀስ። ንግግር የለም፣ ሙዚቃ የለም። ሲገጣጠም አንድ ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ይወጣል፣ የቀረጻ መጠን፣ ማለትም ከቅርብና ከሰፊው የመቅረጽ ልዩነት፣ ምን እንደሆነም ያን ቀን ይገባቸዋል። ካፕካት በሚባለው የስልክ ማቀናበሪያ መተግበሪያ ላይ በነፃ ይቀነባበራል።

ስልኩ አግድም ይያዝ፣ ሌንሱ በጨርቅ ይጠረግ፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። ዙም አያድርጉ፣ በእግር ይቅረቡ። ለመብራት አይጨነቁ። ተዋናዩን መስኮት አጠገብ ያቁሙት፣ ብርሃኑ ከጎን ይምታው። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ካሜራው ከአንድ ወገን ይቆይ፤ መሐላቸውን አቋርጦ ወዲያኛው ጎን ከሄደ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ።

ትልቁ ጣጣ ድምፅ ነው። የተማሪ ፊልም ሲበላሽ በብዛት የሚበላሸው በድምፅ ነው፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ነፋሻ ናት። ሁለተኛ ስልክ ላይ የድምፅ መቅጃውን ከፍተው ተዋናዩ ደረት ኪስ ውስጥ ያስገቡ። ቀረጻ ሲጀመር አንድ ልጅ ካሜራው ፊት ያጨብጭብ። በኋላ የጭብጨባውን ምስልና ድምፅ ማገጣጠም ነው።

የሶልያና እናት

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። መምህር አይደለሁም፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ልጄ በምትማርበት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ቴአትር የሚመረጥ፣ እንደ ሒሳብ ነጥብ ያለው ትምህርት ነው። መድረክ ላይ መቆም ትፈራለች። የሰጧት ሥራ የመድረክ አስተዳዳሪነት ነው። ማን ከየት እንደሚገባ፣ መብራቱ መቼ እንደሚቀየር፣ የትኛው ዕቃ የት እንደሚቀመጥ በሙሉ ተውኔቱ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ትጽፋለች። ትርኢቱ ሲጀመር ተዋንያኑን ጨምሮ ሁሉም የሚታዘዘው እሷን ነው። የኔ እህት፣ ከስልሳዎቹ ልጆችሽ ውስጥ እንደሷ ያሉ ብዙ ይኖራሉ። ልብስ፣ ዕቃ፣ ድምፅ፣ መጋረጃ እውነተኛ ሥራ መሆኑን ንገሪያቸው። ስማቸውንም ከተዋንያኑ እኩል ጥሪው።

ጠመኔ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ምን ልበላችሁ። ጋሼ፣ ትናንት መናኸሪያ ልኬያቸው ነበር። ዛሬ አንዷ ልጅ የብርድ ልብስ ፋብሪካው በር ላይ ያየቻቸውን ዘበኛ ይዛ መጣች። በብርዱ እጃቸውን ካፖርታቸው ውስጥ እንዳስገቡ በክርናቸው በሩን ሲገፉ። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፣ ክፍሉ ግን ተነስቶ አጨበጨበላት። አታጨብጭቡ፣ ያያችሁትን ንገሩኝ አልኳቸው፤ ስለ ክርኗ ብቻ ብዙ አወሩ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉኝ። አነጋገራቸው ላይ የከተማዎቹ ይስቁባቸዋል። ልምምድ ላይ ሲናገሩ እንደ ዜና አንባቢ ለመሆን ይሞክሩና ትወናው ይጠፋል። ምን ላድርግ?

የመጋረጃ ገመድ

እንኳን ደስ ያለሽ። ዘበኛው የመጀመሪያ ገጸ ባሕርይሽ ናቸው፣ አትልቀቂያቸው።

ወንድሜ ቅንብር ቤት የሊስትሮውን ልምምድ እንዲህ ካሠሩት፣ ስልኩ ከመጀመሪያው ሳምንት ይግባ። እኔ የፈራሁት ራሳቸውን መቅረጹን ነበር።

ስለ አነጋገሩ፣ የዜና አንባቢነቱን ከልክዪ። ተውኔቱን ወረቀት ላይ ጽፈሽ አትስጫቸው። ሁኔታውን ብቻ ስጪ። ለምሳሌ አባት ለልጁ የቤት ኪራይ ይዞ ከገጠር መጥቷል፣ ብሩ ግን አልሞላም፤ አከራይዋ በር ላይ ቆማለች። አባቱን የገጠሩ ልጅ ይጫወት፣ ከቤቱ በሚያውቀው አነጋገር። ደጋግመው በቃል ይሥሩት፣ አንቺ ስልክሽ ላይ ቅጂው። ከዚያ የተናገሩትን እንዳለ ጽፈሽ ተውኔት አድርጊው። አንዲት ቃል ወደ ከተማ አማርኛ አትለውጪ።

የሚስቁትን ደግሞ አከራይዋን አጫውቻቸው። አባቱ ሲናገር አፉን እያዩ ካላዳመጡ መልስ መስጠት አይችሉም፤ ቃለ ተውኔቱ አልተጻፈምና ቀጥሎ ምን እንደሚላቸው አያውቁም። በተራ ቦታ ቀያይሪያቸው። የከተማው ልጅ አባቱን ሲጫወት የገጠሩ ልጅ ያርመው። «አባቴ እንዲህ አይልም፣ መጀመሪያ የቤቱን ሰው ደኅንነት ነው የሚጠይቀው» ይለዋል። ያን ቀን አስተማሪው እሱ ነው፣ አንቺ ወንበር ይዘሽ ቁጭ በይ።

የአባትና የአከራይዋን ጽሑፍ ስትጨርሱ እዚሁ ለጥፊልን። አነበዋለሁ፣ መሐሉ ላይ የላላበት ቦታ ካለም እነግርሻለሁ።