ለእናቴ ሞባይል ባንኪንግ ላስጀምርላት ወይስ ይቅርባት?

የደሴ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። እናቴ ደሴ ናት። እህቴ ከሪያድ በየወሩ ብር ትልክላታለች። እስካሁን የምታወጣው በደብተር ነው። ወረፋው ገደላት። አንዳንዴ ጠዋት ወጥታ «ሲስተም የለም» ተብላ ትመለሳለች። እና አፑን ስልኳ ላይ ልጫንላት አሰብኩ። ግን በቅርቡ ጎረቤቷን ደውለው «ከባንክ ነው፣ የፋይዳ ቁጥርዎን ከሒሳብዎ ጋር እናያይዝልዎ» አሏት። በሜሴጅ የመጣላትን ኮድ አነበበችላቸው። ሒሳቧን ጠርገው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች። ምን ትላላችሁ? ይግባላት ወይስ ደብተሯ ይበቃታል?

የመርካቶ ሰው፦
ይቅርባት! እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ብር ስቆጥር ነው የኖርኩት። ሌባ ደብተሬን ቢሰርቅ የእኔን ፊት ይዞ ባንክ መግባት አይችልም። ስልክ ላይ ግን ፊት የሚያይ የለም። አራት ቁጥር ያወቀ ሁሉ ባለቤት ነው። ደግሞስ የ2016ቱን ረሳችሁት? መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ ሰው ከንግድ ባንክ የሌለውን ብር ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። ተማሪው ሌሊቱን ኤቲኤም ላይ ተሰልፎ ነበር። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። የአገሪቱ ትልቁ ባንክ እንዲህ ከሆነ የአንዲት እናት ስልክ ምን ዋስትና አለው?

ቴለሯ፦
ወንድሜ፣ ያንን ከዚህ ጋር አታደበላልቀው። የዚያን ሌሊት የተጎዳው ባንኩ ነው፣ ቆጣቢው አይደለም። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረና በሲስተም ማሻሻያ ወቅት የተፈጠረ ችግር እንደሆነ ተናግሯል። አብዛኛው ብርም ተመልሷል። ያልመለሱትን ስማቸውን ከነፎቷቸው ለጥፎ ነው ያሳደዳቸው።

እኔ ባንክ ነው የምሠራው፣ የቱ እንደሆነ ይቅር። ተጭበርብሮ መስኮቴ ላይ የሚቆም ሰው «አፑ ተሰበረብኝ» ብሎ አይመጣም። «ደወሉልኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። አንዱን «ሽልማት ደርሶዎታል» ይሉታል። ሌላውን «ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው»። በጣም የምታናድደኝ ግን ይቺ ናት፦ የባንክ የሚመስል ሜሴጅ ይልኩና «እናቴ፣ በስህተት ብር ገብቶብዎታል፣ የልጄ መታከሚያ ነው፣ ይመልሱልኝ» ብለው ያለቅሳሉ። ሴትዮዋ አዝነው የራሳቸውን ብር ይልካሉ። ሒሳባቸው ላይ የገባ አንድ ሳንቲም የለም። ደግነታቸውን ነው የዘረፉት።

የደሴ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጎረቤታችሁ አፑ ነበራት?

የደሴ ልጅ፦
የላትም። ስማርት ስልክም የላትም፣ ቁልፍ ስልክ ነው። በኮከብ መሰላል ቀሪ ሒሳቧን ብቻ ነበር የምታየው።

ቴለሯ፦
ገባህ? አፑን የጫነው ሌባው ነው። በራሱ ስልክ ላይ፣ በእሷ ቁጥርና በእሷ ኮድ። እሷ አፕ ስላልነበራት አልዳነችም። እንዲያውም አፕ ምን እንደሆነ ስለማታውቅ ኮዱ የምን ቁልፍ እንደሆነ አልገባትም። «ይቅርባት» የምትሉ ሰዎች ይሄን አስቡበት።

ስልክ ጠጋኝ፣ ፒያሳ፦
ቴለሯ ትክክል ናት፣ ግን ስልኩንም ነፃ አታውጡት። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ስክሪን ሊያስቀይር ብሎ ፓተርኑን ወረቀት ላይ ስሎ ይለጥፍልኛል። ፒኑን «ባንክ» ብሎ ኮንታክት ውስጥ ሴቭ ያደረገ ሞልቷል። ያልጻፈው ደግሞ የተወለደበትን ዓመት ነው ያደረገው። ጨዋ ስለሆንኩ ነው እንጂ ፎቅ እሠራ ነበር።

ከዚህ የከፋው አፑ የመጣበት መንገድ ነው። ሰው ዳታ ለመቆጠብ ከጓደኛው በዜንደር ይቀበላል። ወይ ቴሌግራም ላይ «አዲሱ ቨርዥን» የሚል ፋይል አውርዶ ይጭናል። ያ ፋይል ውስጥ ማን ምን እንደከተተበት በምን ታውቃለህ? አንዴ ሜሴጅ የማንበብ ፈቃድ ከሰጠኸው ኮድህን አንተ ሳታየው ያነበዋል። ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ ጫኑ። ዝማኔ ካቆመ የዱሮ አንድሮይድ ላይ ደግሞ ባትጭኑት ይሻላል።

ሌላም አለ። የሆነ ሰው ደውሎ «በኮከብ 21 ኮከብ የሚጀምር ቁጥር ደውል» ካለህ ጥሪህን ወደራሱ እያዞረው ነው። ከዚያ ቴሌግራምህን በድምፅ በሚነገር ኮድ ይወስድና ለወዳጆችህ «እስከ ነገ 5 ሺህ ብር ላክልኝ» ብሎ ይጽፋል። ##002# ብላችሁ ብትደውሉ የተዞረው ሁሉ ይጠፋል።

የመርካቶ ሰው፦
እናንተው ራሳችሁ እኔን እየደገፋችሁኝ ነው። ዜንደር፣ ቨርዥን፣ ፈቃድ፣ ኮከብ 21... የደሴዋ እናት ይሄን ሁሉ ታጥና? ፈተና አላት እንዴ?

የሪያዷ፦
ጋሼ፣ እርስዎ በአካል ባንክ መሄድ ስለሚችሉ ነው እንዲህ የሚሉት። እኔም እንደ ደሴው ልጅ እህት ሪያድ ነኝ፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ስንቷ እህታችን የላቧን ብር በወንድሟ ሒሳብ ስትልክ ኖራ ስትመለስ «ቤት ጀምረንበት ነበር፣ አለቀ» ተብላለች። ሌባ በስልክ ብቻ አይመጣም፣ ቤት ውስጥም አለ። አሁን ሒሳቡ በስሜ ነው፣ አፑ ስልኬ ላይ ነው፣ የገባውንም የወጣውንም ማታ ተኝቼ አየዋለሁ። ይሄን ማንም «ይቅርብሽ» ሊለኝ አይችልም።

የምመክረው አንድ ነገር፣ ሲማችሁን ለዘመድ ትታችሁ አትውጡ። ኮዱ የሚመጣው በእሱ ነው። ሲሙን የያዘ ሰው ብራችሁን ያዘ ማለት ነው። ዝም ብላችሁ ብታስቀምጡትም ለረጅም ጊዜ ካልሠራ ቁጥሩ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። እኔ አልፎ አልፎ ካርድ እየሞላሁ አቆየዋለሁ።

ከባሕር ዳር፦
በአፑ አትመኩ ለማለት ያህል። በ2015 ክረምት የሞባይል ዳታ ሲዘጋብን የሁላችንም አፕ ጌጥ ሆነ። ለወራት። ስልክ በሚሠራበት ጊዜ ያወጣን በኮከብ መሰላል የሚሠራው ነው፣ የንግድ ባንክ *889#፣ የቴሌብር *127#። እሱም ኔትወርክ ካለ ነው። ቤት ውስጥ የሳምንት አስቤዛ የሚሆን ካሽ ይኑራችሁ።

ባለሜትር ታክሲ፦
ኧረ ይግባ አይግባ የሚባልበት ጊዜ አለፈ! ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀመር «ማን በስልክ ይከፍላል» ብለን ስቀን ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ በካሽ መቅዳት ቀረ፣ ግንቦት 2015 ላይ መላ አገሪቱ። እኔን ማን አማከረኝ? ማደያ ላይ «አፕ አልወድም» ብል ተገፍቼ ነው የምመለሰው።

ግን ፍርሃቱ ልክ ነው። ስልኬ ቀኑን ሙሉ ካርታ ከፍቶ ዳሽቦርድ ላይ ነው የሚውለው። መብራት ላይ በመስኮት መንትፈውት ከሮጡ የያዙት የተከፈተ ስልክ ነው። ስለዚህ ሁለት ሒሳብ አለኝ። ስልኩ ላይ ያለው የነዳጅና የቀን ወጪ ብቻ ነው። ዋናው ቁጠባዬ ሌላ ባንክ ነው፣ ሞባይል ባንኪንግ አልተከፈተበትም፣ በደብተር ነው። ስልኬን ቢወስዱት የሚያገኙት የሁለት ቀን ቤንዚን ነው።

ባለሱቋ፦
ተቀባዮቹንም አስታውሱን እንጂ። «ልኬያለሁ» ብሎ ስክሪንሾት አሳይቶኝ ዘይትና ሩዝ ተሸክሞ የሚወጣ አለ። ስክሪንሾት በደቂቃ ይቀባባል። አሁን ሕጌ አንድ ነው። የእኔ ስልክ ላይ ሜሴጅ ካልመጣና አፑ ውስጥ ገብቼ ካላየሁት ዕቃው ከባንኮኒው አይነሳም። «አታምኚኝም?» ይለኛል። አላምንህም! በዚህ ነገር ለእኔ አፑ መዳኛዬ ነው። ድሮ የገባ ያልገባውን ለማወቅ ባንክ እስኪከፈት ጠዋትን መጠበቅ ነበረብኝ።

የለንደን ሰው፦
ሁላችሁም ተጠቃሚውን እያስተማራችሁ ነው። ጥሩ ነው። ግን ዋናውን ጥያቄ ማንም አላነሳም። የጎረቤቲቱ ብር ሲሄድ ኪሳራውን ማን ይሸከም? እዚህ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ተታልሎ ብር የላከ ሰው ባንኩ ይከፍለዋል፣ እስከ 85 ሺህ ፓውንድ። ወጪውን ላኪው ባንክና ተቀባዩ ባንክ እኩል ይካፈሉታል። ተቀባዩ ባንክም ይከፍላል መባሉን ልብ በሉ። ለሌባ ሒሳብ የከፈተው እሱ ነዋ! ባንክ ከኪሱ መክፈል ሲጀምር ጥንቃቄውን ያኔ ታዩታላችሁ። እኛ አገር ግን «ፒንዎን ለማንም አይስጡ» የሚል ሜሴጅ ይልኩና እጃቸውን ይታጠባሉ።

ቴለሯ፦
ለንደን ሆኖ መናገር ቀላል ነው። ኮዱን በራሷ አፍ አንብባ የሰጠችው ሴት ብር ባንኩ ይክፈል ከተባለ ነገ ወንድምና እህት ተስማምተው «ተጭበረበርን» ብለው ይመጣሉ። መጋቢት 2016 ላይ አይተናል እኮ፣ የተገኘ ብር ሲባል ሰው እንዴት እንደሚሮጥ። ሌባውን ለመቅጣት የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አለ።

የለንደን ሰው፦
አዋጁ ሌባውን ያስራል፣ ብሩን አይመልስም። እዚህም የሚያጭበረብር ደንበኛ አለ፣ ይጣራል፣ ያልተገባው አይከፈለውም። አንቺ አሁን ራስሽ ነግረሽናል፦ ሌባው አፑን በራሱ ስልክ ላይ ጫነ። ቁልፍ ስልክ የያዘች ሴት ሒሳብ ድንገት በአዲስ ስማርት ስልክ ተከፍቶ በዚያው ሰዓት ባዶ ሲሆን ሲስተማችሁ ዝም አለ። ይሄ የእሷ ጥፋት ነው? አዲስ ስልክ ላይ የተጫነ አፕ ለመጀመሪያው አንድ ቀን ከትንሽ ብር በላይ እንዳይልክ መከልከል ምን ያህል ይከብዳል?

የመርካቶ ሰው፦
ይሄ ሰውዬ ደስ አለኝ! አፕ ባልወድም ይሄን እፈርምበታለሁ። ሲስተም ሲበላሽባቸው ብራቸውን ከተማሪ ኪስ አወጡ። የእኛ ሲሄድ «የራስዎ ጥንቃቄ ጉድለት ነው»።

ቴለሯ፦
የአንድ ቀኑ ነገር ላይ አልከራከርህም፣ ልክ ነህ። አዲስ ስልክ ሲመዘገብ ደንበኛው በአካል እንዲመጣ የሚያደርግ አሠራርም መኖር አለበት እላለሁ፣ በተለይ ለአዛውንቶች። መክፈሉ ላይ ግን አልተስማማንም።

የደሴ ልጅ፦
የጎረቤታችን ብር የመመለስ ተስፋ አለው?

ቴለሯ፦
እውነቱን ልንገርህ፣ ከቆየ ይከብዳል። ብሩ አንድ ቦታ አያድርም። ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ይዘላል፣ ከዚያ ኤቲኤም ወይም ወኪል ጋ ይወጣል። ሒሳቦቹም ብዙ ጊዜ የሌባው አይደሉም። ጥቂት ብር ተሰጥቶት ኤቲኤም ካርዱንና ሲሙን ያከራየ ልጅ ነው የሚያዘው። ሆኖም ፖሊስ ጋ ታመልክት፣ የፖሊሱን ደብዳቤ ይዛ ቅርንጫፏ ትሂድ። ለሌላችሁ ግን፣ ነገሩ እንደተፈጠረ በዚያው ደቂቃ ባንኩ ጋ ደውላችሁ «ሒሳቤን አግዱልኝ» በሉ። ለንግድ ባንክ 951 ነው። ስልክ ከተሰረቀ ሲሙን በ994 አዘጉ። ዘመድ ጋ ደውሎ ማልቀስ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ብዙ ሰው ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል።

የደሴ ልጅ፦
እሺ፣ እንዲህ ላደርግ ነው። የእህቴ ብር የሚገባበት ሒሳብ በደብተር ይቀጥል። ሌላ ትንሽ ሒሳብ ከፍቼ አፑን በእሱ ላይ አስጀምርላታለሁ። ለመብራት፣ ለውኃና ለሱቅ የሚሆነው ብቻ እዚያ ይገባል። ፒኑን ራሷ ትምረጥ፣ ለእኔም አትንገረኝ። የሚደውል ሁሉ «ልጄን ልጠይቅ» ተብሎ ይዘጋበት።

የመርካቶ ሰው፦
ያው ዋናው በደብተር ነው አልክ። አሸነፍኩ ማለት ነው።

የሪያዷ፦
አላሸነፉም ጋሼ፣ አፑም ገባ! የደሴ ልጅ፣ የደብተሩን ሒሳብ እህትህም እንድታየው አድርጉ። ላቧ ነው።

ባለሱቋ፦
ቴለሯ፣ እኔ ሁለት ሒሳብ ማስተዳደር አይመቸኝም። ባለኝ ሒሳብ ላይ በቀን በስልክ የሚላከውን ጣሪያ ማስቀነስ ይቻላል?

ቴለሯ፦
እኛ ጋ ይቻላል፣ በጽሑፍ ነው የሚጠየቀው። መታወቂያሽን ይዘሽ ሒሳብ የከፈትሽበት ቅርንጫፍ ሂጂ። በስልክ ግን እንዳትጠይቂ፣ ደውሎ «ጣሪያሽን ልቀንስልሽ» የሚልሽ ካለም ዝጊበት።