ዝንባሌ ያለው ታንኳው ነው

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ወገን። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ተፋጩበት። ሰሞኑን አንድ የጤና ጥናት መጠይቅ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሺ ተባልኩ። አርባ ምናምን ጥያቄ ነው። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ጋብቻ፣ የልጅ ብዛት፣ ሁሉም እንደ ውሃ ሄደልኝ። ሁለቱ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አንደኛው ሰው ራሱን ወንድ አድርጎ ነው የሚያውቀው ሴት ወይስ ሌላ ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ልቡ የሚከጅለው ወንድ ነው ሴት ይላል። የቢሮ አማርኛዬን አወጣሁና «ጾታዊ ማንነት»፣ «ጾታዊ ዝንባሌ» ብዬ አለፍኩ።

ከዚያ መጠይቁ ይሞከር ተባለና ሐይቅ ዳር ወረድን። አንድ ሽማግሌ የደንገል ታንኳ እያሰሩ ነበር። ገመዱን በጥርሳቸው ይዘው ነው የሚያዳምጡኝ። እስከ ጋብቻ ድረስ በደንብ መለሱልኝ። «ጾታዊ ዝንባሌዎ ምንድን ነው?» ስላቸው ገመዱን ከአፋቸው አወጡ። «የኔ ልጅ፣ የሚያዘነብለው ታንኳው ነው። እሱም ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ሲበዛ።» አጠገባቸው የነበረው ጎረምሳ በሳቅ ሊሞት። እኔም ሳቅኩ፣ ማታ ግን ሲከነክነኝ አደረ። ቃሉን የማውቀው እኔና እንግሊዝኛው ብቻ ነን ማለት ነው።

ጥያቄዬ ይኸው። ለእነዚህ ነገሮች ስድብም ያልሆነ፣ ቡራኬም ያልሆነ፣ ሰው ሰምቶ የሚገባው አማርኛ ያስፈልገናል ወይስ አያስፈልገንም?

የቀበሌ 11 ልጅ፦
አያስፈልገንም። ቃል አለን፣ ግብረ ሰዶም ይባላል። አያቶቻችን ሲሉት የኖሩት ነው። «ዝንባሌ» ምናምን የሚባለው ነገሩን በማር ለውሶ ማጉረስ ነው። መጀመሪያ ቃሉን ያስለምዱሃል፣ ከዚያ ነገሩን። መጠይቁንስ ማን ላከው? ገንዘቡ ከየት መጣ? እሱን አልነገርሽንም።

ተርጓሚዋ፦
ገንዘቡ ከውጭ ነው፣ አልደብቅም። ግን የኩፍኝ ክትባቱም ከውጭ ነው።

ነርሷ፦
ቀበሌ 11፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዜና ላይ «በሕፃን ላይ ግብረ ሰዶም የፈጸመ ግለሰብ» ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ አይደል? ያ ሕፃን ተደፍሯል። ደፋሪው ወንጀለኛ ነው፣ ማንም አይከራከርም። ታዲያ በዚሁ ቃል ሁለት አዋቂዎች ተስማምተው ያደረጉትን ትጠራበታለህ። ምንም ሳያደርግ ልቡ ብቻ ወደዚያ የሚያደላውንም ትጠራበታለህ። ሥራ ላይ ይህ ቃል አይረባኝም። የተደፈረ ልጅ ሲመጣልኝ ካርዱ ላይ ምን ልጻፍ? «ግብረ ሰዶም» ብዬ? የተበደለውን ልጅ ከበደለው ጋር በአንድ ስም ልጥራው? እናቱ ካርዱን ስታነብ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁና እዚህ ጋ አልቀልድም።

የሕግ ሰው፦
ሕጉም እኮ ለይቶታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በአዋቂዎች መካከል ያለውን ይመለከታል፣ ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው። በልጆች ላይ የሚፈጸመው ደግሞ 631 ላይ ለብቻው ተቀምጧል፣ ቅጣቱም እጅግ ይከብዳል፣ ተጎጂው ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት። እና ልብ በሉ፣ 629 የሚቀጣው ድርጊትን ነው። ሰው ምን እንደሚሰማው ወይም ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ አይልም። ይህን የምለው ሕጉን ለማሞገስም ለመንቀፍም አይደለም፣ የተጻፈው እንደዚያ ስለሆነ ነው።

የቀበሌ 11 ልጅ፦
ድርጊቱ ወንጀል ከሆነ ስሜቱን መጠየቅ ምን ይሠራል ታዲያ?

ነርሷ፦
ሕመምተኛ ስለሆነ! አባላዘር በሽታ ይዞት ይመጣል። ከማን እንደያዘው አይነግረኝም፣ እኔም በቃሉ ስለማፍር አልጠይቅም። ሚስቱ ቤት ተቀምጣለች። በሽታው ቃል እስክናገኝ አይጠብቅም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ዘግይቼ ገባሁ። መጀመሪያ «ጾታ» የሚለውን ቃል እንፍታ፣ ሳትፈቱት እየተማታችሁበት ነው። ጾታ በግእዝ ወገን፣ ክፍል፣ ዓይነት ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን «ሦስቱ ጾታ ምእመናን» ስትል ሰምታችኋል? ካህናት፣ ወንዶች፣ ሴቶች። ካህን ሦስተኛ ፍጥረት ስለሆነ አይደለም፣ ወገን ስለሆነ ነው። ስለዚህ «ጾታዊ ማንነት» ብላችሁ ብትጽፉ አንድ የአብነት ተማሪ «ዲያቆን ነኝ» ብሎ ቢመልስላችሁ አልተሳሳተም። ሃሃ።

በነገሩ ግን ከቀበሌ 11 ጋር ነኝ። ኃጢአት ነው፣ ስሙን ብትለውጡት አይለወጥም።

ተርጓሚዋ፦
የዲያቆኗን ወስጃታለሁ፣ ለአለቃዬ እነግረዋለሁ። ግን አማርኛ ይህን መለየት የማይችል ቋንቋ አይደለም። «ሥርዓተ ጾታ» የሚለውን ሴቶች ጉዳይ ቢሮ ስንት ዓመት ሲጠቀምበት ኖረ። ጾታ ሲሉ አካል፣ ሥርዓተ ጾታ ሲሉ ኅብረተሰቡ ለወንድና ለሴት ያከፋፈለው ሥራና ወግ። ይህ ከተለመደ ቆየ፣ ማንም አልሞተም።

ከቢሮ ውጭም አለ። ገበያ ላይ ደፋር ነጋዴ ሴት ስናይ «እሷ እኮ ወንድ ናት» እንላለን። ወንድ! «ናት»! ሁለቱን ጾታ በአንድ ዐረፍተ ነገር አጋጭተን ማንም አይገርመውም። አክስቴ ደግሞ ወንድሜን ስታቆላምጠው «ነይ እስኪ አንቺ» ነው የምትለው፣ ዕድሜው ሃያ ስምንት ነው፣ ጢም አለው።

የቀበሌ 11 ልጅ፦
እሱ ቁልምጫ ነው። ወንድምሽ ግን ተነስቶ «ሴት ነኝ» ቢል አክስትሽ ትቀበላለች?

ተርጓሚዋ፦
አትቀበልም። እኔም የሚገርመኝ እሱ ነው። ቃሉ አለ፣ ከቁልምጫና ከስድብ ውጭ ግን አናወጣውም። «ሴታ ሴት»፣ «ወንዳ ወንድ»፣ ሁሉም ከሩቅ የሚወረወር ነው። ተቀምጦ የሚነገር የለም።

የጀልባ አስጎብኚ፦
እኔ ባለፈው የገጠመኝን ልንገራችሁ። ቱሪስቶች ይዤ ጣና ላይ ወዳለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሄድኩ። እንደምታውቁት ሴት አይገባም። አንዷ ፀጉሯ አጭር፣ ሱሪ፣ ትልቅ ቦት ጫማ፣ ድምፅዋም ወፍራም። ዳር ላይ የቆሙት አባት አዩና በጆሮዬ «ይሄ ነው ይቺ ናት?» አሉኝ። እኔ አላውቅም! ሦስት ሰዓት አብሬ ቀዝፌ አላውቅም። እንግሊዝኛው አያስመርጥማ፣ «ዩ» ስትል ወንድም ሴትም ነው። አማርኛ ግን «ደህና ነህ» ለማለት እንኳ መጀመሪያ ጾታውን ቁረጥ ይልሃል። አፍሬ ጠየቅኳት። ሴት ነኝ አለች፣ ሳቀችና ጀልባው ላይ ቀረች። በኋላ እንጦስ ገዳም ወሰድኳት፣ እዚያ ሴትም ይገባል።

ነርሷ፦
እኔ የምገላገለው በ«እርስዎ» ነው። ወጣት ቢሆንም «እርስዎ» ካልኩት ጾታ አይጠይቀኝም። ጎጃም ሆነን በአክብሮት ያመለጥነው ነገር ብዙ ነው።

እና አንድ ነገር ደግሞ ለይቼ ልናገር፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጆንያ ስለሚከተው። ሲወለድ አካሉ ወንድም ሴትም ለማለት የሚያስቸግር ሕፃን አለ፣ የድሮ ሰው ፍናፍንት ይለዋል። ያ የአካል ጉዳይ ነው፣ በዓይን የሚታይ ወይም በምርመራ የሚገኝ። አካሉ ግልጽ ሆኖ ውስጡ ግን ከአካሉ ጋር የማይስማማበት ሰው ሌላ ነው። ወንድነቱን ለአንድ ቀን ሳይጠራጠር ወንድ የሚወድ ደግሞ ሌላ። ሦስቱን አንድ ስም ሰጥተህ ማከም አትችልም። የዓለም ጤና ድርጅትም የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። የሁለተኛውን፣ ማለትም ውስጡ ከአካሉ የማይስማማውን፣ ከአእምሮ ሕመም ክፍል አውጥቶ ጾታዊ ጤና ውስጥ ያስገባው ግን በ11ኛው እትም ነው፣ በ2019 ጸድቆ በ2022 ሥራ ላይ ዋለ። በመካከላቸው ሰላሳ ዓመት አለ። ሐኪሞቹም አንድ ነገር ነው አላሉም።

የቀበሌ 11 ልጅ፦
ይህንንማ አንብቤያለሁ። አሜሪካኖቹ የአእምሮ ሐኪሞች የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን በ1973 እ.ኤ.አ. ከዝርዝራቸው አወጡ፣ በ1974 ደግሞ አባላቱ ድምፅ ሰጡበት። በሽታ በእጅ ብልጫ ይወሰናል እንዴ? እስኪ ወባን በድምፅ አውጡልን!

ነርሷ፦
ጥሩ ነጥብ ነው፣ እውነቴን ነው። ድምፁ ግን ከሜዳ አልመጣም። በ1957 እ.ኤ.አ. ኤቭሊን ሁከር የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ 30 ወንድ የሚወዱ ወንዶችና 30 ሴት የሚወዱ ወንዶች ወስዳ የሥነ ልቦና ፈተና ሰጠች። የፈተናውን ወረቀት የማን እንደሆነ ሳትነግራቸው ለባለሙያዎች አሳየች። መለየት አልቻሉም። በሽታ ከሆነ ምልክቱ የት ሄደ ነው ጥያቄው። ወባ እኮ በደም ትታያለች።

የቀበሌ 11 ልጅ፦
በሽታ አይደለም በይኝ እሺ። ኃጢአት ነው ያልኩት እኔ። ሰዶም ዝም ብላ አልተቃጠለችም።

ተርጓሚዋ፦
ሕዝቅኤል 16፡49ን አንብበው። የሰዶም ኃጢአት ትዕቢትና ጥጋብ፣ ድሃውን አለመርዳት ነው ይላል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እኅቴ፣ 50ን ለምን ዘለልሽ? ወዲያው ቀጥሎ «ርኩስ ነገር አደረጉ» ይላል። ግማሽ ጥቅስ አታምጪ።

ተርጓሚዋ፦
ተቀበልኩ። እሱን አልመለስም። ግን ስንክሳር ላይ ያለችውን እንባ መሪናን ምን ትላታለህ? የወንድ ልብስ ለብሳ ወንዶች ገዳም ገብታ ኖረች። ልጅ አስወለድክ ተብላ ተከሰሰች፣ ሴት ነኝ ብትል በአንድ ቃል ነፃ ትወጣ ነበር፣ ዝም ብላ ልጁን አሳደገች። ሴትነቷ የታወቀው ሲገንዟት ነው። ያን ሁሉ ዘመን «አንተ» ተብላ ተጠራች።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ስለ ክርስቶስ ብላ ነው! «ወንድ ነኝ» ብላ አላመነችም፣ ራሷን ካደች እንጂ። የዛሬውን ጥያቄ ወስዳችሁ የዛሬ ሺህ ምናምን ዓመት ሰው ጉሮሮ ውስጥ አትክተቱ። ይህ ጎጂ ነው፣ እኛም ጋ ተሞክሯል። ማዶ ቆራጣ የእናታችን የወለተ ጴጥሮስ ገዳም አለ። በ1642 እ.ኤ.አ. ነው ያረፈችው፣ ገድሏ በ1672 ተጻፈ። በ2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ሲታተም ስለ መነኮሳይያት የሚናገር አንድ ቦታን ተርጓሚዎቹ በሴቶች መካከል ስላለ ምኞት ነው ብለው ፈቱት። የኛ ሊቃውንት የለም፣ ግእዙን አላወቃችሁትም አሉ። ያ ሁሉ ግርግር በጥቂት ቃላት ነው። አንቺም ተርጓሚ ነሽና ፍሪ።

ተርጓሚዋ፦
እፈራለሁ። በእውነት። መሪናን ያነሳሁት አንድ ዓይነት ናት ለማለት ሳይሆን ታሪኩን ስንሰማ ማንም እንደማይጮህ ለማሳየት ነበር፣ ግን ምሳሌዬ ዘንበል አለ፣ እንደ ታንኳው።

ስም የለኝም፦
ሁሌም የማነብ ነኝ፣ አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ። ምን ብለን እንጥራቸው ብላችሁ ከጠዋት ጀምሮ ስትከራከሩ ራሳቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩ የጠየቀ የለም። «ዜጋ» ይላሉ። ሰው መሀል ሲሆኑ ማንም እንዳይገባው። «እሱ ዜጋ ነው» ብትል ሰሚው መታወቂያ ያስባል።

የቀበሌ 11 ልጅ፦
አንተ እንዴት አወቅክ?

አድሚን፦
እዚህ ላይ ቁሙ። እዚህ ቡድን ውስጥ «አንተ ነህ ወይ» ተብሎ ሰው አይጠየቅም። የሚጠይቅ ይወጣል። ቀበሌ 11፣ ወንድሜ ነህ፣ ግን አንተንም።

የቀበሌ 11 ልጅ፦
እሺ፣ ይቅርታ። ለማጋለጥ አልነበረም። ሳላስበው ነው። ግን ዜጋ ማለት እኔም ነኝ እኮ፣ ቃሌን ወሰዱብኝ።

ስም የለኝም፦
አልወሰዱትም። አብራችሁ ነው የምትጠቀሙበት።

ተርጓሚዋ፦
(ከሁለት ቀን በኋላ ነው የተመለስኩት።) «ዜጋ»ን መጠይቅ ላይ መጻፍ አልችልም፣ ለመደበቅ የተሠራ ቃል ወረቀት ላይ ከወጣ ያልቃል። «ዝንባሌ»ን አውጥቻለሁ። «ጾታዊ»ንም። አሁን እንዲህ ይላል፦ «ራስዎን የሚያውቁት እንደ ወንድ ነው፣ እንደ ሴት ነው ወይስ ሌላ?» ቀጥሎ «ልብዎ የሚከጅለው ማንን ነው? ወንድ፣ ሴት፣ ሁለቱንም፣ ማንንም አልከጅልም።» ከሥሩ «ካልፈለጉ ይለፉት» ጨመርኩ።

ወስጄ ለታንኳው ሽማግሌ አነበብኩላቸው። ታንኳዋ አልቃለች፣ ፀሐይ ላይ አስጥተዋታል። «አሁን ገባኝ» አሉ። «ሴት ነው የምከጅለው፣ ያውም ድሮ።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ሌላ መልስ ያለው ሰው ግን ለማታውቂው ሰው ምን ብሎ ይነግርሻል?» አሉኝ።

የሕግ ሰው፦
እኔም እሱን ልጠይቅሽ ነበር። መጠይቁ ላይ ስም አለበት?

ተርጓሚዋ፦
አለ። ስልክ ቁጥርም አለ፣ ገጽ አንድ ላይ።

የሕግ ሰው፦
እና 629 እያለ ነው ገጽ ሦስት ላይ ይህን የምትጠይቁት? ቃሉን ተዪውና መጀመሪያ ገጽ አንድን ቅደጂ።

ተርጓሚዋ፦
ነገ ጠዋት ስብሰባ አለን። አነሳዋለሁ።