ለዮጋ ቡድናችን ሎጎ፦ ኦም ይግባ ወይስ ይቅር?

ማለዳ12፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ተሰብስበን ዮጋ እንሠራለን፣ ብንበዛ 20 ብንሆን ነው። ቲሸርት ልናሳትም ብለን ሎጎ አሠራን፤ ዲዛይነሩ ሎተስ አበባ መሃል ላይ ኦም የሚባለውን ምልክት (ॐ) አስቀምጦ ላከልን። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ግሩፓችን ላይ እንደለቀቅኩት ግማሹ ሰው ዝም አለ። አንዷ በውስጥ መስመር "ይቺ ከላይ ያለችው ጨረቃ ምንድን ናት? የመስጊድ ምልክት መሰለችኝ" አለችኝ። ሌላው ደግሞ "እኔ ማተብ ያሰርኩ ሰው ነኝ፣ የማላውቀውን ነገር ደረቴ ላይ አልለጥፍም" አለ። እኔም ለሁለቱም መልስ አጣሁ። ምን ይሻላል?

የጦሳ ሥር ልጅ፦
መልስ ካጣህማ ችግሩ እዚያው ነው ወንድሜ። ኦም ጌጥ አይደለም፤ ለሂንዱውም ለቡድሂስቱም ለጃይኑም ቅዱስ ነው። ያቺም ጨረቃ አይደለችም። በተለመደው ትርጓሜ ሦስቱ ጥምዝ መስመሮች መንቃት፣ ሕልምና ከባድ እንቅልፍ ናቸው፣ ነጥቧ ከሦስቱም በላይ ያለው ሁኔታ፣ ከነጥቧ ሥር ያለችው ግማሽ ክብ ደግሞ ማያ (እውነቱን የሚሸፍን ማሳሳቻ) የሚሉት መጋረጃ። ይሄን ፒያሳ ላይ ለጠየቀህ ሁሉ ቆመህ ልታስረዳ ነው? ዲዛይነሩ የልብ ቻክራ (በዮጋ ልብ አካባቢ አለ የሚሉት የኃይል ማዕከል) ምልክት ይሻላል ካለህም እሺ እንዳትል፣ 12 ቅጠል ያለው አበባ ሆኖ መሃሉ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ አለው። ከአንዱ ጣጣ ወጥተህ ሌላው ውስጥ ነው የምትገባው ወላሂ።

ቦርከና፦
እኔ ከኮምቦልቻ ነኝ። መንፈሳዊውን ነገር ሁሉ አጥቦ መጣሉን ግን አልወደውም። ዮጋ የሕንድ ቅርስ ነው፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2016 መዝግቦታል። ከየት እንደመጣ መደበቅ ምን ይሉታል? ኦሙን አውጣውና ሎተሱን ተወው። ከጭቃ ወጥቶ ጭቃ የማይዘው አበባ ነው፣ ፓድማሳና የሚባለው አቀማመጥም ስሙን ያገኘው ከሱ ነው። ይሄን ለማንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ታስረዳለህ።

ቀለምና ወረቀት፦
ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። ሎተስም ቢሆን ቅጠሉ ከበዛ ቴሌግራም ፕሮፋይል ላይ ጥቅል ጎመን ነው የሚመስለው። ደረት ላይ በትንሹ ሲታተም ደግሞ ቀጫጭኑ መስመር ድምጥማጡ ይጠፋል። አምስት ቅጠል፣ አንድ ቀለም፣ በቃ። ፋይሉን በቬክተር፣ ማለትም ቢያጎሉት በማይደበዝዘው ዓይነት፣ ተቀበሉ፤ ስክሪንሾት ይዞ "አትምልኝ" የሚል ሰው አሰልችቶናል። ደግሞ ታዳሳና ማለት የተራራ አቋቋም አይደል እንዴ? የጦሳ ተራራ ደጃችሁ ተገትሮ ሌላ ምን ፍለጋ ነው?

ማለዳ12፦
በየቀኑ በታዳሳና እየጀመርን ጦሳ ትዝ አይለኝም! ዛሬ ጠዋት አዳራሹ ወለል ላይ ተቀምጬ በእርሳስ ሞከርኩት። የጦሳ ጀርባ በአንድ መስመር፣ ከሥሩ ባለ አምስት ቅጠል ሎተስ። ባለ ማተቡ "ይሄንን እለብሳለሁ" አለ። ያቺ ልጅ ግን አገላብጣ አይታ "አበባዋ አሁንም ጎመን ጎመን ትላለች" አለች። ሦስት ቅጠል ላድርጋት?