«አራት» ብለውኝ 11 በግ ቆጠርኩ፤ የትኛውን ልጻፍ?

ጠያቂ፦ ተመራቂ ተማሪ
ለሁለተኛ ዲግሪዬ ጥናት መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ቀበሌ መረጃ እየሰበሰብኩ ነው። ጥናቴ በሴፍቲኔት፣ ማለትም ለችግረኛ ቤተሰቦች እርዳታ በሚሰጠው ፕሮግራም፣ የታቀፉ ቤተሰቦች ጥሪታቸውን እንዴት እንደሚይዙ የሚመለከት ነው። ሰኞ ማታ አንዲት እናት ቤት ምድጃ ዳር ተቀምጬ «በግ ስንት አለዎት?» ስላቸው የበግ ፀጉር የሚፈትሉበትን እንዝርት ሳያቆሙ «አራት» አሉኝ። ጽፌ ሳልጨርስ ልጃቸው መንጋውን እየነዳች መጣች። 11 ቆጠርኩ። ስቆጥር አዩኝ። ከዚያ ወዲያ መልሳቸው ሁሉ «እንጃ» ሆነ። አብሮኝ የነበረው የቀበሌው ሰው መንገድ ላይ «ሁሉም ይደብቃሉ» አለኝ። ልቤ ግን አልተቀበለውም። ምን ልጻፍ?

መልስ፦ የቆየ መረጃ ሰብሳቢ
እህቴ፣ ከነገ ጀምሮ የቀበሌውን ሰው ይዘሽ አትግቢ። የትብብር ደብዳቤሽን አሳይተሽ ከተፈቀደልሽ ይበቃል። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በግ የሚቆጥር እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰው የሚያስበው ስለ «ምረቃ» ነው። እዚያ ተመረቀ ማለት ጥሪት አፍርቷል ተብሎ ከዝርዝሩ ወጣ ማለት ነው።

ጥያቄሽም ራሱ መታረም አለበት። አንድ ጋጣ የሚያድር በግ ሁሉ የአንድ ሰው አይደለም። የርቢ አለ፤ ባለቤቱ ሌላ፣ አርቢው ሌላ፣ የሚወለደውን ይካፈላሉ። ለልጅ የተሰጠች ግልገልም አለች። «ማታ የሚገቡት ስንት ናቸው? የማን የማን ናቸው? ይህችን ለመሸጥ ማንን ያማክራሉ?» ብለሽ ጠይቂ። በ12 ወይም በ21 ሂጂ፤ በሚካኤልና በማርያም በሬ ስለማይጠመድ ሰው ቤቱ ይገኛል። እኔ ቡናው በረካ ሳይደርስ ደብተር አላወጣም።

መልስ፦ የሶሺዮሎጂ መምህርት
ባል ካለ፣ ሚስትን ለብቻዋ አነጋግሪ። በመጠይቁ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ጻፊ፤ ስምና ቁጥር የሚያገናኘውን ወረቀት ለብቻው ያዢ፣ ለማንም አታሳዪ። የቀበሌው ሰው ሲቆጠር ማየቱ ያሳስበኛል። ለእኚያ እናት ጥናቱ ለምን እንደሆነ እንደገና አስረጃቸው፤ አልፈልግም ካሉም የጻፍሽውን ሰርዢ።

ጠያቂ፦ ተመራቂ ተማሪ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በማርያም ዕለት ብቻዬን ተመለስኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ከዚያ ጥናቱ ለምን እንደሆነ፣ የነገሩኝም ወደ ሴፍቲኔቱ መዝገብ እንደማይሄድ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ሁለተኛው ቡና ላይ ራሳቸው ጀመሩት፤ አምስቱ ደብረ ብርሃን የሚኖር ወንድማቸው የሰጣቸው የርቢ በጎች ናቸው፤ ሁለቱ የልጅቷ ናቸው፣ ለደብተርና ለጫማዋ የተያዙ። የራሳቸው አራት።

ከዚህ በፊት በአሮጌው ጥያቄ የሞላሁት 23 ቤት አለ። ነገ ከመጀመሪያው ቤት እንደገና እጀምራለሁ።