«ፈተና ያጠነክራል» የምትሉኝ ሰዎች፣ እስኪ አስረዱኝ

የብየዳው ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ወሬዬ ግን ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነኝ። ያ ፍራሽ ተሸክመን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን የተፈተንነው። የተፈተንነው ጥቅምት 2015 ነው፣ ውጤቱ ጥር ላይ መጣ። ከ700፣ 241። ለሪሜዲያል (ለማካካሻ ትምህርት) እንኳ አልበቃሁም። ከዚያ አጎቴ ብረታ ብረት ቤት ገባሁ፤ በርና መስኮት እንሠራለን። ላሜራ እቆርጣለሁ፣ እበይዳለሁ፣ ማታ ዓይኔ ሲቃጠል ድንች ቆርጬ አስቀምጥበታለሁ።

ሥራውን አልጠላሁትም። ያስጠላኝ ምክሩ ነው። ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ «አይዞህ፣ ወርቅ በእሳት ነው የሚፈተን» ይለኛል። አያቴ ደግሞ «ሳይደግስ አይጣላም» ትላለች። ሦስት ዓመት ልጠብቅ፣ አራት ዓመት ልጠብቅ፣ ድግሱ የታለ? ፈተና በራሱ ሰውን የሚያሳድግ ከሆነ እኛ አገር ያላደገ ሰው ባልተገኘ ነበር። ከእናንተ ውስጥ በእውነት ችግር ያሳደገው ሰው ካለ፣ እንዴት እንዳሳደገው ይንገረኝ። ስብከት አልፈልግም።

ተነስ ወገን

ወንድሜ ተስፋ አትቁረጥ! አበበ ቢቂላ እኮ ጫማ እንኳ ሳይኖረው ነው ሮም ላይ ዓለምን ጉድ ያሰኘው! ማጣት ነው ጀግና ያደረገው። አንተም ትችላለህ!!!

ጡረተኛው መምህር

«ተነስ ወገን»፣ ልብህ ደግ ነው፣ ታሪኩን ግን አታጣምበት። አበበ በ1960 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ የሚገዛለት ጠፍቶ አይደለም። የቀረበለት ጫማ እግሩን አልመች አለው፣ በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ በልምምድ የለመደው ነገር ነበር። የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሠልጣኝ ከጎኑ ነበረ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ገና ስድስት ሳምንት ገደማው ነበር፣ ያን ጊዜ ግን ጫማ አድርጎ ነው የሮጠው። ሜክሲኮ ላይ ደግሞ ጉዳት ይዞት መሀል ላይ አቋረጠ፣ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደ። ችግር ብቻውን ወርቅ የሚያመጣ ቢሆን ሜክሲኮም ባመጣለት ነበር።

ለጠያቂው፦ ልጄ፣ በዚያ ዓመት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ የነጥቡን ግማሽ ያመጣው 30 ሺህ አይሞላም፤ 3.3 ከመቶ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ከክፍሌ መቶ ልጅ ተፈትኖ 97ቱ ከወደቀ መጀመሪያ የምጠረጥረው ልጆቹን አይደለም። ይህን የምልህ ላጽናናህ ብዬ አይደለም፤ ያንተን ድርሻና ያንተ ያልሆነውን እንድትለይ ነው።

የምጣድ ዳር (ኮተቤ)

እኔ ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም፣ የዚህ ልጅ ነገር ግን አላስተኛ አለኝ። ሁለት ችግር ልንገርህ፣ አንዱ ምንም ያላደረገልኝ፣ አንዱ እንጀራዬ የሆነ።

የመጀመሪያው ቤይሩት ነው። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠራሁ። በመጨረሻዋ አሠሪዬ ቤት ደመወዝ የ11 ወር ቀረብኝ፣ ፓስፖርቴም በእሷ እጅ ነበር። ሰው ሲሰማ «ያ ነው ያጠነከረሽ» ይለኛል። ዋሽቼ አዎ ማለት እችል ነበር። የ11 ወር ደመወዝ ነው የወሰደብኝ፣ ሌላ ምንም። ዛሬም ደወል ሲደወል እደነግጣለሁ። ይኸን ዕድገት የሚለው ሰው ካለ ይምጣና ይደንግጥልኝ።

ሁለተኛው እንዲህ ነው። በ2004 ተመልሼ በተረፈችኝ ብር ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁና ለምግብ ቤት እንጀራ ማቅረብ ጀመርኩ። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ጋግሬአለሁ፣ እንጀራ ይከብደኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። የመጀመሪያው ትልቅ ትእዛዝ 80 ነበር። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ አያባራም። ጋገርኩ፣ አደረስኩ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሰማንያውም ተመልሶ መጣ። ዓይን የለውማ! ልሙጥ፣ ሲያጥፉት የሚሰነጠቅ። ባለቤቱ ምንም አልሰደበኝም፣ «እህቴ ይኼን ለማን ላቅርበው» ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አልቅሼ ስጨርስ ቆራርሼ ድርቆሽ አደረግሁት፣ እስከ መስከረም ድርቆሽ ፍርፍር በላን።

በማግስቱ ደግሜ ጋገርኩ። ያው ሆነ። በሦስተኛው ቀንም ያው። ልብ በል፣ ሦስት ጊዜ ወድቄ ምንም አልተማርኩም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ጤፉን መርገም ነው። ዱቄቱ ተቀላቅሏል አልኩ፣ ወፍጮ ቤቱን ጠረጠርኩ፣ ጎረቤት ዓይን አስገብታብኛል እስከማለት ደረስኩ፣ ይቅር ይበለኝ።

ያችው የጠረጠርኳት ጎረቤቴ ናት የገባችው። ባልዲውን ከፈተች፣ ጣቷን ሊጡ ውስጥ ነከረች፣ አሸተተች። «አብሲቱን መቼ ነው የምትጥይው?» አለችኝ፤ አብሲት ከሊጡ ቀንሰን፣ አብስለን መልሰን የምንጨምረው ነው። በሁለተኛው ቀን አልኳት። ሳቀች። «ኮምቦልቻ መሰለሽ? ይኼ አዲስ አበባ ነው፣ ክረምት ነው፣ ሊጥሽ ገና አልነቃም። ውሃው ከላይ ጥርት ብሎ ሳይቆም አትንኪው። አብሲቱን ከጣልሽ በኋላ ደግሞ ኩፍ ብሎ ከፍ ሳይል ምጣድ አትጣጅ» አለችኝ። የእኛ አገር ከአዲስ አበባ ይሞቃል፣ ሊጡ ቶሎ ይቦካል። እኔ እጄን ይዤ መጣሁ እንጂ ብርዱን አላሰብኩትም።

ያን ቀን ደብተር ገዛሁ። በየቀኑ ጻፍኩ፦ የተቦካበት ቀንና ሰዓት፣ እርሾው ስንት ጭልፋ፣ ብርዱ እንዴት እንዳደረ፣ አብሲቱ የተጣለበት ሰዓት፣ ዓይኑ እንዴት እንደወጣ። መብራት የጠፋበትን ሌሊት ሳይቀር። አራተኛው ደብተር ላይ ነኝ አሁን። ሰባት ሴቶች አብረውኝ ይጋግራሉ፣ አዲስ ሠራተኛ ስትገባ መጀመሪያ የማሳያት የዚያን ሐምሌ ገጽ ነው።

እና የኔ ወንድም፣ ቤይሩትም ችግር ነው፣ ያ ሰማንያ እንጀራም ችግር ነው። አንደኛው ላይ የት ጋ እንደተሳሳትኩ የሚያሳየኝ ሰው አልነበረም፣ እንዲያውም የተሳሳትኩት ነገር አልነበረም፣ ተዘረፍኩ። ሁለተኛው ላይ ጣቷን ሊጡ ውስጥ የነከረች ሰው ነበረች፣ በማግስቱም ደግሜ የምሞክርበት ዱቄት ነበረኝ። አያትህን ሳም አድርግልኝና ንገራት፦ ድግስም ቢሆን እንጀራውን የሚጋግረው ሰው ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። 241ን በየትምህርቱ ለይተህ አይተኸዋል?

የብየዳው ልጅ (ደብረ ብርሃን)

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እውነት ለመናገር ድምሩን እንጂ ዝርዝሩን ካየሁ ቆይቷል፣ ያናድደኝ ስለነበር። ዛሬ ከሥራ መልስ አወጣሁት። እንግሊዝኛ 47፣ ሒሳብ 21፣ ፊዚክስ 24፣ ኬሚስትሪ 31፣ ባዮሎጂ 39፣ ሲቪክስ 42፣ አፕቲትዩድ 37።

መምህር ያሉትን ለመለየት ሞከርኩ። 10ኛ ክፍል ሳለሁ በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ሳንጨርሰው አለፍን። 11ኛ ላይ ዓመቱን ሙሉ የፊዚክስ አስተማሪ አልነበረንም። 12ኛን ስንጀምር ጦርነቱ ወደ ሸዋ ተጠጋ። ይኼ የኔ አይደለም። ሒሳብ ግን የኔ ነው። አስተማሪ ነበረን፣ እኔ ነኝ ከኋላ ተቀምጬ ስልክ የምነካካው።

ስለ ጎረቤትዎ ሳነብ አጎቴ ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ሰሞን በይጄ ሳሳየው ምንም አይለኝም ነበር፣ መዶሻ አንስቶ ይሰብረውና «እየው፣ ላዩን ብቻ ነው የያዘው፣ አምፔርህ ዝቅ ብሏል» ይለኛል። አሁን ራሴው ሰብሬ አየዋለሁ። ሒሳቡን ማንም እንደዚያ ሰብሮ አሳይቶኝ አያውቅም።

የምጣድ ዳር (ኮተቤ)

«እርስዎ»ን ተወው፣ ገና 43 ዓመቴ ነው። መምህር፣ ይህን ልጅ እየሰሙት ነው?

ጡረተኛው መምህር

እየሰማሁ ነው። ልጄ፣ ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ፣ እኩልታዎች ከሚለው አሥር ጥያቄ ሥራና ፎቶ አንስተህ ላክ። ስትሳሳት እንዳትሰርዘው፣ ስህተቱን ማየት እፈልጋለሁ። ከሥራ የምትወጣው ስንት ሰዓት ነው?

የብየዳው ልጅ (ደብረ ብርሃን)

አሥራ ሁለት ተኩል። መብራት ካለ እስከ ሦስት ሰዓት እልካለሁ።