አባቴን ይዤ ከደብሊን የትኛው ግንብ ልሂድ?

የጎንደሯ

ሰላም ቤቶች። አባቴ ከጎንደር መጥቶልኛል። ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ ነው። የገበያ ማዕከል ለገበያ ማዕከል መዞሩ ሰልችቶት፣ «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ነገሥታት አልነበሯቸውም?» እያለ ያደርቀኛል። ደብሊን ካስልን አሳየሁት። ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና «ይኼ እኮ ቢሮ ነው» አለኝ። ምን ልበለው፣ እውነቱን ነው።

የሚፈልገው ገጠር ውስጥ ያለ፣ የምር የድሮ ግንብ ነው። መኪና የለኝም። ዕረፍቴ ማክሰኞ ብቻ ነው። ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል። ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፣ ደረጃ መውረድ ግን ይከብደዋል። ፍልሰታንም እየጾመ ነው። ከሁሉም በላይ የፋሲልን ግንብ እያየ ያደገ ሰው ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ አይደነቅም። ሰው ሁሉ ብላርኒ፣ ብላርኒ ይለኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ኮርክ ነኝ

ብላርኒ ነዋ! የማካርቲዎች፣ የድሮ የአይሪሽ ባላባቶች ግንብ ነው፣ አሁን የሚታየው በ1446 የተሠራው ነው (የምጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ድንጋዩን የሳመ ሰው አንደበቱ ይፈታል ይላሉ። የአትክልት ቦታው ብቻውን ቀን ያስውላል። ከሂውስተን ጣቢያ በባቡር ኮርክ ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ በከተማ አውቶቡስ ነው። ስትመጡ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ቡና ይፈላል።

ግንበኛው

እህቴ፣ ከኮርኩ ወንድሜ ጋር አልጣላም፣ ብላርኒ ያምራል። ግን ነገሩን አስቢው። ከደብሊን ኮርክ ደርሶ መልስ፣ በአንድ ቀን፣ ጉልበታቸውን ከሚያማቸው አባት ጋር። ድንጋዩ ያለው ግንቡ አናት ላይ ነው፣ መውጫው ጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃ ነው። ላይ ሲደርሱ በጀርባ ይተኛሉ፣ ብረቱን ይይዛሉ፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ይስማሉ። የታሪክ አስተማሪን በጀርባ አስተኝተሽ ድንጋይ ልታስሚ? ደግሞም «ይኼ እኮ ቢሮ ነው» ያሉ ሰው አንደበታቸው ድሮም የተፈታ ነው።

ትሪም ውሰጃቸው። ሚዝ ካውንቲ ውስጥ ነው፣ ቦይን ወንዝ ዳር። ከቡሳራስ፣ ከደብሊኑ ዋና የአውቶቡስ ጣቢያ፣ 111 ቁጥር አውቶቡስ ትይዛላችሁ፣ መንገዱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ግንቡ ደግሞ ግዙፍ። ኖርማኖቹ፣ ከእንግሊዝ የመጡት ወራሪዎች፣ አየርላንድ ውስጥ ከሠሯቸው ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ፈልጉት አልልሽም፣ ገና ከአውቶቡስ ሳትወርዱ ታዩታላችሁ።

እኔ አዲስ አበባ ግንበኛ ነበርኩ፣ እዚህም እንጀራዬ ኮንስትራክሽን ነው። ስለዚህ ግንብ ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ሥራው ነው። ብዙዎቹ ካስሎች አልጋና ምንጣፍ፣ የጦር ልብስና የሻማ ማብሪያ ገብቶባቸው ድራማ የሚቀረጽባቸው ይመስላሉ። ትሪም ባዶውን ነው። የጥንቱ ወለል የለም፣ ሰው የሚሄደው በኋላ በተሠራ መተላለፊያ ላይ ነው። ግድግዳው ራቁቱን ቆሟል። እኔም የምወደው ለዚህ ነው።

ስትደርሱ ዋናውን ግንብ በውጭ በኩል ዙሩና ግድግዳውን ቀና ብላችሁ እዩ። በረድፍ በረድፍ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ብዙ ሰው ቀስት የሚወረወርባቸው ይመስለዋል። አይደሉም። የመወጣጫው እንጨት የገባባቸው ናቸው። እኛ ባሕር ዛፍ አቁመን አግድም እንደምናስረው፣ እነሱ ደግሞ አግድሙን እንጨት ግድግዳው ውስጥ እየቀበሩ ወደ ላይ ወጥተዋል። ሲጨርሱ እንጨቱ ይወጣል ወይም ይቆረጣል፣ ቀዳዳው ይቀራል። ታዲያ ከእነዚህ ቀዳዳዎች በአንዳንዶቹ ውስጥ የኦክ እንጨት ቁራጭ ተገኝቶ ነበር። ባለሙያዎቹ የዛፉን ቀለበት ቆጠሩ፣ ሥራው በ1170ዎቹ አጋማሽ አካባቢ እንደተጀመረ ለማወቅም ረዳቸው። ሠራተኛው ቆርጦ የተወው እንጨት ከ800 ዓመት በኋላ ምስክር ሆነ። ይህን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል።

ታሪኩን አባትሽ ይወዱታል። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ በ1172 ሚዝን እንዳለ ለኖርማኑ ባላባት ለሂዩ ደ ሌሲ ሰጠው። ሰውየው መጀመሪያ በአፈርና በእንጨት ምሽግ ሠራ። ብዙም ሳይቆይ የአይሪሾቹ ንጉሥ የሮሪ ኦኮነር ጦር መጥቶ አቃጠለበት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ድንጋይ የዞረው። ሥራው 30 ዓመት ያህል ወሰደ፣ የጨረሰው ልጁ ዋልተር ነው። አባትየው ፍጻሜውን አላየም። በ1186 ደሮው የሚባል ቦታ ሌላ ግንብ እያሠራ ሳለ አንድ አይሪሽ በመጥረቢያ ገደለው። በ1210 ንጉሥ ጆን ወደ ትሪም መጥቶ ነበር፣ ግን ያረፈው ከግንቡ ውጭ ሜዳው ላይ ነው። ከዋልተር ጋር ዓይንና ናጫ ነበሩ።

አሁን ወደ ቅርጹ። መሐሉ አራት ማዕዘን ነው፣ በየጎኑ አንድ አንድ ማማ ተለጥፎበት ነበር። በዚህም 20 ጎን ወጣው፣ ከላይ ቢታይ መስቀል ነው። የሰሜኑ ማማ ፈርሷል፣ ሦስቱ ቆመዋል። ግድግዳው 3 ሜትር ገደማ ይወፍራል። እንደ ግንበኛ ከጠየቅሽኝ ይህ ሁሉ ማዕዘን የሚያዋጣ አይደለም። ማዕዘን ማብዛት ጥርብ ድንጋይ ማብዛት ነው፣ ጥርብ ደግሞ ገንዘብ ነው። ለጠላትም ቢሆን ማዕዘን ከሥሩ ለመቦርቦር ይመቻል። ስለዚህ ሰውየው ለመከላከል ብቻ ብሎ አልሠራውም ባይ ነኝ። ለመታየት ነው የሠራው። ጎረቤት አይቶት «ይሄስ የዋዛ ሰው አይደለም» እንዲል።

አባትሽ «ከፋሲል ጋር ሲወዳደርስ?» ማለታቸው አይቀርም። አታወዳድሪላቸው። የፋሲል ግንብ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ትሪም ሲገነባ በእኛ በኩል ላስታ ላይ የንጉሥ ላሊበላ ዘመን ነበር። እዚህ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲከምሩ፣ እዚያ አለቱን ከላይ ወደ ታች ይፈለፍሉ ነበር። ይህቺን አንዴ ጣል አድርጊላቸው፣ ከዚያ አስጎብኚው እሳቸው ይሆናሉ።

ናቫን ያለችው

ግንበኛው ድንጋዩን ጨርሶታል፣ እኔ ስለ ጉልበቱ ልናገር። ዋናው ግንብ ውስጥ የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። ደረጃው ጠባብና ገደላማ ነው፣ ወደ ላይ እስከ ጣሪያው ያስኬዳል። አባትሽን አታስገድጂያቸው። ግቢውን ግን ያለ አስጎብኚ መዞር ይቻላል፣ ሰፊ ሣር ነው። ዙሪያውን የከበበው አጥር ግንብ ራሱ ብዙ የሚታይ ነገር አለው። በደቡብ በኩል ያለውን የደብሊን በር እንዳያልፉት። ከፊቱ ሌላ ማማ ወጥቶለታል፣ በድልድይ ተሻግረሽ ነው የሚገባው። ጠላት እዚያ መሐል ከገባ አለቀለት።

እዚያው በደቡቡ አጥር አካባቢ በ1971 ሲቆፈር ጭንቅላት የሌላቸው የአሥር ሰዎች አጽም ተገኝቷል። ወንጀለኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ይባላል፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የሌባን አንገት ቆርጦ በእንጨት ሰክቶ ማሳየት በአዋጅ የታዘዘ ነበርና። ልጆቼ ከጉብኝቱ ሁሉ የሚያስታውሱት ይህንን ብቻ ነው። ሽንት ቤቱንም። መኳንንቱ ልብሳቸውን እዚያ ይሰቅሉ ነበር፣ ሽታው ተባይ ያባርርላቸዋል ተብሎ!

ከቻላችሁ ደግሞ ወንዙን ተሻግራችሁ በሜዳው በኩል ወደ ኒውታውን ሂዱ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ለጉልበት አይከብድም። እዚያ የፈረሰ ካቴድራል አለ፣ አጠገቡ ካለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ውስጥ ደግሞ የ16ኛው ክፍለ ዘመን መቃብር። ባልና ሚስት በድንጋይ ተቀርጸው ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ በመሐላቸው ሰይፍ ተጋድሟል። የአገሩ ሰው «ቀናተኞቹ» ይላቸዋል። ኪንታሮት ያለበት ሰው ኪንታሮቱን በስፒል ነክቶ ስፒሉን በሁለቱ መሐል ያስቀምጣል። ስፒሉ ሲዝግ ኪንታሮቱ ይጠፋል ብለው ያምናሉ። የዛገ ስፒል ክምር በዓይኔ አይቻለሁ። ጠበል ቦታ ላየ ሐበሻ ይህ ምንም አያስገርምም።

ነሐሴ ስለሆነ በየቀኑ ክፍት ነው። ግን በአንድ ዙር የሚያስገቡት ሰው የተወሰነ ነውና ቀድመሽ በኢንተርኔት ያዢ። ለአዛውንት ቅናሽ አለ። ውኃ የማያስገባ ጫማ አድርጉ። የጾም ምግብ ፍለጋ እንዳትንከራተቱ ሽሮውን በፔርሙስ፣ እንጀራውን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ወንዙ ዳር መቀመጫ አለ።

ማላሃይድ ሰፈሬ

ይህን ያህል ከመድከም እዚሁ ደብሊን አጠገብ ያለው የማላሃይድ ግንብ አይሻልም? በባቡር ቅርብ ነው። የታልቦት ቤተሰብ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን እስከ 1976 የኖረበት ነው፣ የቤት ዕቃውም አለ።

ግንበኛው

ማላሃይድ ሻይ ለመጠጣት ጥሩ ነው።

የጎንደሯ

ሃሃ! ሁላችሁም ኑሩልኝ። ኮርክ፣ ቡናው ይቆይልን፣ ሌላ ጊዜ እንመጣለን። ትሪም ሆኗል፣ የማክሰኞ ትኬት ይዣለሁ። ጽሑፋችሁን ለአባቴ አነበብኩለት። የላሊበላው ጋር ስደርስ መነጽሩን አወጣና «እስቲ ድገሚው» አለኝ። ዋናው ግንብ ላይ ካልወጣሁ ሞቼ እገኛለሁ እያለ ነው። ሲወርድ ምን እንደማደርገው እንጃ። ደግሞ «ይኼ ግንበኛ የሚባለው ልጅ አብሮን ይምጣ፣ ኖራ ነው ጭቃ ያቦኩበት? የምጠይቀው አለኝ» ይላል። ማክሰኞ ሥራ ነህ?

ግንበኛው

ሥራ ነኝ እህቴ፣ ማክሰኞ ኮንክሪት እንሞላለን፣ መቅረት አይታሰብም። ኖራ ነው በያቸው። ሲወርዱ አንቺ ከፊት ቅደሚ፣ እሳቸው ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ይከተሉሽ፣ የሚቸኩለውን ሰው አሳልፉት። ሌላ ጥያቄ ካላቸው ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው። በምሳ ሰዓት ስልኬን አያለሁ።