ፕሮክስሞክስ ላይ ለሠራተኞቹ ሮል ሰጥቼም ብሪጁ አይታያቸውም፣ እርዱኝ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሀዋሳ ውስጥ የአንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት ሰርቨር እኔ ላይ ወድቋል፤ የሚሠራው በፕሮክስሞክስ፣ ማለትም በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች በሚያስኬደው ሶፍትዌር ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ሲለቅ ያስረከበኝ አንድ ብጣሽ ወረቀት ነው፤ የሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችለው ዋናው አካውንት) ፓስወርድ። ሁሉም የሚገባው በሩት ነበር። ባለፈው ሳምንት አንዱ የሂሳብ ክፍሉን ቨርቹዋል ማሽን አጥፍቶ፣ «እኔ አይደለሁም» ስንባባል ዋልን።

ስለዚህ ለየሰዉ አካውንት ከፈትኩ። በፓም (በሊኑክሱ ተጠቃሚዎች) ሳይሆን በፕሮክስሞክስ በራሱ ሪልም (የተጠቃሚዎች መዝገብ) ነው፤ በኤስኤስኤች ከርቀት ወደ ሰርቨሩ ራሱ እንዲገቡ አልፈልግም። ግሩፕ ሠርቼ የቨርቹዋል ማሽኖቹ ፓዝ (መብቱ የሚሠራበት ቦታ) ላይ ፒቪኢ ቪኤም አድሚን የሚባለውን ሮል (የመብቶች ጥቅል) ሰጠሁ። ማስነሳት፣ ማጥፋት፣ ኮንሶል መክፈት ይሠራል። አዲስ ማሽን መፍጠር ግን እምቢ! መጀመሪያ የስቶሬጁ ዝርዝር ባዶ ሆነ። ስቶሬጁ ላይ ፒቪኢ ዳታስቶር ዩዘር ስጨምር ተፈታ። አሁን ደግሞ የኔትወርኩ ገጽ ላይ ብሪጁ (ማሽኖቹን ከኔትወርኩ የሚያገናኘው) የለም። በሩት ስገባ ቁጭ ብሏል።

በቅርቡ ከ7 ወደ 8 አሳድገነዋል፤ ከዚያ ጋር ይያያዝ ይሆን? አድሚኒስትሬተር ብሰጣቸው ሁሉም ይሠራል። እንደዚያ ከሆነ ግን ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ብለጥፈው ይቀላል።

ብሪጁን ብቻ የሚፈቅደው የትኛው ሮል ነው? የቱ ፓዝ ላይስ ይሰጣል?

ሌላም አለ። ለአንዷ ባልደረባዬ እዚያው ፓዝ ላይ በስሟ ኦዲተር (ማየት ብቻ የሚፈቅደውን ሮል) ስጨምርላት በግሩፑ ያገኘችው መብት ጠፋባት። የሚደመር መስሎኝ ነበር። ምን አበላሽቼ ነው?